ቀለሙ ፓሌቱ ላይ ጠብታ እየሆነ ሲያስቸግር

አዲስ በገዙት ነጭ የፕላስቲክ ፓሌት (የቀለም ማዋሃጃ ሰሌዳ) ላይ የውሃ ቀለም ሲያዋህዱ ቀለሙ አልዘረጋ ብሎ ጠብታ ጠብታ እየሆነ እንደሚሰበሰብና ወረቀቱ ላይ ሲያርፍም ካሰቡት ፈዝዞ እንደሚገኝ ገልጸው፣ ውድ ፓሌት መግዛት ይኖርብዎት እንደሆነ ጠይቀዋል። መግዛት አያስፈልግዎትም። ችግሩ ከቀለሙ ሳይሆን ከፕላስቲኩ ልሙጥነት የመጣ ነው፤ አዲስ ፕላስቲክ ውሃን ስለሚገፋ ቀለሙ በስሱ መዘርጋት ሲገባው ተሰብስቦ ይወፍራል፣ የወፈረ ቀለም ደግሞ ከእውነተኛ መልኩ ጠቁሮ ስለሚታይ ዓይንዎን ያታልላል። የውሃ ቀለም ሲደርቅ በራሱ ጥቂት ስለሚፈዝ ልዩነቱ የበለጠ ጎልቶ ይታያል።

ጥቂት ነጭ የጥርስ ሳሙና በእርጥብ ጨርቅ ይዘው የማዋሃጃውን ቦታ ለሁለትና ለሦስት ደቂቃ እያዞሩ ይሹት፤ ካጠቡት በኋላ አንድ ጠብታ ውሃ በብሩሽ ይሳቡበትና ሳይቆራረጥ ከተዘረጋ ሥራው አልቋል፣ ካልሆነ ይድገሙት። በሽቦ መፈግፈጊያ ግን አይንኩት፣ ጥልቅ ጭረቱ ውስጥ የገባ ቀለም አይወጣምና። እስከዚያው ድረስ ነጭ የሸክላ ሳህን ይጠቀሙ፤ እኔ ራሴ ቤት ውስጥ ስሠራ ከየትኛውም ፓሌት የምመርጠው እሱን ነው፣ ክብደቱ ለጉዞ ባይመችም።

የቱቦ ቀለም በፓሌቱ ጉድጓዶች ውስጥ ሲሞሉ በአንድ ጊዜ ከማጨቅ ይልቅ በስሱ እየደራረቡ፣ እያንዳንዱ ሲደርቅ ሌላውን ይጨምሩ። ቀለሙን የሚያያይዘው የግራር ሙጫ ሲደርቅ ስለሚኮማተር፣ በወፍራሙ የተሞላ ቀለም በደረቅ አየር ተሰነጣጥቆ ከጉድጓዱ ይወድቃል። ቀለሙ እርጥብ እያለ የፓሌቱን ክዳን ከዘጉት ደግሞ ይሻግታል። ሥራ ከመጀመርዎ ከጥቂት ደቂቃ በፊት በየጉድጓዱ አንዳንድ ጠብታ ውሃ ቢያኖሩ ብሩሽዎን እያፋተጉ ጠጉሩን አይጨርሱትም።

ቢጫውን ከሰማያዊው አርቀው ያስቀምጡ። አረንጓዴ ሲያዋህዱም መጀመሪያ ሰፋ ያለ የቢጫ ኩሬ ይሥሩና ሰማያዊውን በብሩሽ ጫፍ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩበት፤ በተቃራኒው ከጀመሩ ሰማያዊውን ለማሸነፍ ግማሽ ቱቦ ቢጫ ይፈጃሉ። ፕታሎ የሚባሉት ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለሞች ፕላስቲኩን ነክረው በሳሙና የማይለቅ ጥላ ቢተዉበት አይጨነቁ፤ ጥላው ወደ አዲሱ ቀለም አይተላለፍም።