ክረምት ሲገባ አረንጓዴ የሚለብሰው መዋኛ ገንዳ

ጥያቄ፦ ግቢያችን ውስጥ 40 ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ መዋኛ ገንዳ አለን። ክረምቱ ከገባ ወዲህ በየጠዋቱ ክሎሪን ብንጨምርም ውሃው አረንጓዴ ሆኗል። ምን እናድርግ? (ከጅማ)

መልስ፦ አረንጓዴው አልጌ ነው። ዝናቡ ክሎሪኑን ያቀጥነዋል፤ ታጥቦ የሚገባው አፈርና ቅጠል ደግሞ የተረፈውን ይጨርሰዋል። ጠዋት የምትጨምሩትንም ፀሐይ ቶሎ ስለምታጠፋው ሲመሽ ጨምሩ።

መጀመሪያ ግን ፒኤቹን፣ ማለትም የውሃውን የአሲድነት መጠን፣ ለኩ። ከ7.6 በላይ ከሆነ ወደ 7.2 አውርዱት፤ 8 ላይ ክሎሪኑ አብዛኛውን ጉልበቱን ያጣል። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ግድግዳውን፣ በተለይ የደረጃውን ጥግ፣ በብሩሽ ፈትጉ፤ የሚያዳልጠው ሽፋን ካልተላቀቀ ክሎሪን ከሥሩ አይደርስም። ከዚያ 65 በመቶ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት (የክሎሪን ዱቄት) በድምሩ 600 ግራም ያህል እየከፈላችሁ በባልዲ ውሃ በጥብጡና ዙሪያውን አፍስሱ። ዱቄቱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ ዱቄቱ አትጨምሩ። ከአሲድ ጋር በፍጹም አታገናኙት፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ይሥራ። የአሸዋ ማጣሪያው ግፊት ንጹሕ ሳለ ከነበረው በ0.5 ባር ሲጨምር አሸዋውን በተገላቢጦሽ ውሃ እጠቡ። በማግስቱ አረንጓዴው ካልለቀቀ ማታ ድገሙት። ወለሉ ጥርት ብሎ እስኪታይና ክሎሪኑ በሊትር ወደ 3 ሚሊግራም እስኪወርድ ልጆች አይግቡ።