ጎሪላውን ሶፍትዌር አይሠራልህም

«ጋሼ፣ ሥዕል አልችልም፤ ግን ችግር የለውም፣ አሁን ሁሉንም የሚሠራው ሶፍትዌር ነው።» ደብዳቤህን ተራው ሲደርስ እመልሳለሁ ብዬ አስቀምጬው ነበር። ይቺን መስመር ደግሜ ካየሁ በኋላ ግን አላስቻለኝም።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ላሳጥረው። ጸሐፊው 21 ዓመቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን «ማይቲ ጆ ያንግ» ከታናናሾቹ ጋር አየ። ግዙፉ ጎሪላ ጆ እና አብራው ያደገችው ጂል ከጫካ ወጥተው ሰው መሃል ሲገቡ የሚደርስባቸውን የሚያሳይ የቤተሰብ ፊልም ነው። ታናናሾቹ ጎሪላውን ወደዱት። እሱ ደግሞ ጎሪላውን የሠሩትን ሰዎች ሥራ ወደደ። አሁን ታላቅ ወንድሙ ገንዘብ ተበድሮ የአንድ ዓመት የአኒሜሽን ትምህርት ሊከፍልለት ነው። አባቱ «የጦጣ ሥራ» ብለው አጣጥለውት ሂሳብ አያያዝ ተማር ይሉታል። የኮምፒውተሩ አቅም፣ እንግሊዝኛው፣ ዕድሜው እና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስም ያሳስቡታል።

ወንድሜ፣ ያየኸው ጆ ብዙ ቦታ ላይ ሶፍትዌር አይደለም። ሪክ ቤከር የሚባል የሜካፕ ባለሙያ ያዘጋጀውን የጎሪላ ልብስ የለበሰ ተዋናይ ነው፤ ጆን አሌክሳንደር ይባላል። የፊቱን ጡንቻዎች ከካሜራ ውጭ ሆነው በርቀት መቆጣጠሪያ የሚያንቀሳቅሱ ሰዎችም ነበሩ። ቤከር ራሱ በ1976ቱ «ኪንግ ኮንግ» ውስጥ ልብሱን ለብሶ ጎሪላውን የተጫወተ ሰው ነው። በኮምፒውተር የተሠራው ጆ በተለይ የገባው ሰው ልብስ ለብሶ በማይችለው ሩጫና ዝላይ ላይ ነው። እዚያም ቢሆን በኮምፒውተር የሚሠሩት ባለሙያዎች ከተዋናዩ እንቅስቃሴ ጋር ማመሳሰል ነበረባቸው። ለማመሳሰል ደግሞ መጀመሪያ ማየት መቻል ያስፈልጋል።

ወደ ኋላ ልመልስህ። የመጀመሪያው ጆ የታየው በ1949 በጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ሥራውን የመራው ዊሊስ ኦብራይን ሲሆን አብዛኛውን ያንቀሳቀሰው ሬይ ሃሪሃውዘን ነው። ፊልሙ በልዩ ኢፌክት ኦስካር አግኝቷል። ሃሪሃውዘን እንዳንተው በፊልም የተለከፈ ልጅ ነበር። በ1933፣ በ13 ዓመቱ፣ «ኪንግ ኮንግ»ን አየና ቤቱ ውስጥ ሞዴል መሥራት ጀመረ። ኋላ ሥራውን ይዞ የዚያን ፊልም ጎሪላ ወደሠራው ኦብራይን ዘንድ ሄደ። ኦብራይን የዳይኖሰሩን እግር አየና ቋሊማ ይመስላል አለው፤ ሂድና የሰውነት አወቃቀር አጥና። ልጁ አኩርፎ አልቀረም። ሄዶ አጠና፤ ቅርጻ ቅርጽም ተማረ። ጆን አሌክሳንደር ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ በልብስ የተጫወተውን ጎሪላ፣ ሃሪሃውዘን የብረት መገጣጠሚያ ባለው አሻንጉሊት በእጁ ነው የሠራው። በትንሹ ነክቶ ፎቶ፣ እንደገና በትንሹ ነክቶ ፎቶ። ለአንድ ሰከንድ ፊልም 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል። በሻይ ሰዓቱ ጎሪላ ጎሪላ እንዲሸተው ካሮትና ሴለሪ ይበላ እንደነበር ራሱ አውርቷል። እብደት ይመስላል፤ እኔ ግን ይገባኛል። በመድረክ አልባሳት ክፍል ስሠራ እንስሳ ሆኖ የሚጫወት ተዋናይ ልብሱን የምንሰጠው መጨረሻ ላይ ነበር። መጀመሪያ ያለ ልብስ እንስሳውን ካልሆነ፣ ልብሱ አያድነውም።

ጎሪላን ግዙፍ አድርጎ የሚያሳየው ቁመቱ ብቻ አይደለም። ቁመቱንማ ሶፍትዌሩ ባንድ ጠቅታ ያሳድገዋል። ከባድ መሆኑን ተመልካች የሚያምነው ሲንቀሳቀስ ነው። የአንድን እንስሳ ቅርጹን ሳትለውጥ ቁመቱን እጥፍ አድርገው። ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ያንን የሚሸከመው አጥንት በአግድም ቢቆረጥ የቁራጩ ፊት ስፋት ግን አራት እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ግዙፍ ፍጡር እንደ ተራ ጎሪላ ቱር ቱር ካለ ዓይን ወዲያው «አሻንጉሊት» ይላል። ክንዱ ለመነሳት፣ ለመውረድም ጊዜ ይፈልጋል። እግሩ መሬት ከነካ በኋላ ሆዱና ትከሻው ገና አልቆሙም። አነስተኛ ሞዴሎችና ልብስ የለበሱ ተዋንያን በፈጣን ካሜራ ተቀርጸው በዝግታ የሚታዩትም ለዚሁ ነው።

የጎሪላውን ባሕርይ ደግሞ ጨምርበት። ጎሪላ ደረቱን የሚደልቀው በጡጫ ሳይሆን ጎድጎድ ባለ መዳፍ ነው። ሲራመድ በታጠፉ ጣቶቹ አንጓ ይመረኮዛል። ዓይን ለዓይን ማፍጠጥ እሱ ዘንድ ማስፈራራት ነው። እስቲ አስበው፤ የጆና የጂል ወዳጅነት ሁሉ የተንጠለጠለው ጆ መቼ እንደሚያያትና መቼ ዓይኑን እንደሚሰብር ላይ ነው። ይህን የሚወስን ፕሮግራም የለም፤ ሰው ነው የሚወስነው። በ2005ቱ «ኪንግ ኮንግ» ጎሪላውን የተጫወተው አንዲ ሰርኪስ፣ እንቅስቃሴ የሚቀዳ ያን ሁሉ መሣሪያ እያላቸው፣ ጎሪላዎችን ለማየት ሩዋንዳ ድረስ ሄዷል።

አሁን ሥራ ልስጥህ። ከባድ ሻንጣ ተሸክመህ ደረጃ ስትወጣ በስልክህ ራስህን ቅረጽ። ቀጥሎ ባዶ ሻንጣ ይዘህ ከባድ አስመስለህ ውጣ። ሁለቱን እያስቆምክ ተመልከትና ውሸቱ የት እንዳለ ጻፍ። ወገብህ ላይ ነው? አንገትህ ላይ? እግርህ ከመነሳቱ በፊት ባለችው ቅጽበት? ይህን ሳትሰለች ከሠራህ በኋላ ከአልሙኒየም ሽቦና ከፕላስቲሲን (የማይደርቅ የመቅረጫ ጭቃ) አንድ ጎሪላ ሥራ። ማማር የለበትም። ሽቦውን ሁለት ሦስት አድርገህ ጠምዝዘው፤ ነጠላው ሲደጋገም ጉልበቱ ላይ ይሰበራል። በሰከንድ 12 ፎቶ ይበቃሃል፣ እያንዳንዷ ሁለት ፍሬም ትቆያለች። ለአሥር ሰከንድ 120 ፎቶ መሆኑ ነው። ተቀምጦ ይነሳ፣ ይህን ብቻ። ከዚያ በኋላ ብሌንደር የሚባለውን የአኒሜሽን ሶፍትዌር አውርድ፤ ነጻ ነው፣ ለጀማሪም ከበቂ በላይ ነው።

ስለ ብድሩ። ወንድምህ አይበደር! ክፉ ሰው ልሁንብህ፤ ይህ ፍቅር ቢሆንም ለሁለታችሁም አይበጅም። በዚህ ሙያ ቀጣሪ የሚያየው ሾውሪልህን ነው፣ ምርጥ ሥራህ የተሰበሰበበትን አጭር ቪዲዮ። የአንድ ዓመት ሰርተፊኬት በደካማ ሪል ላይ ምንም አይጨምርም። ሥራው ደግሞ በአብዛኛው በኮንትራት ነው፤ ፊልሙ ሲያልቅ አንተም ታልቃለህ፣ ቀጣዩን ትፈልጋለህ። ትላልቆቹ ቤቶችም አይተማመኑም። «ላይፍ ኦፍ ፓይ» ላይ ነብሩን የሠራው ሪዝም ኤንድ ሂውዝ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 ኪሳራ ያወጀው፣ ለዚያው ሥራ ኦስካር ሊያገኝ ቀናት ሲቀሩት ነው። እንዲህ ባለ ሙያ ውስጥ በሰው ዕዳ አይገባም። ዕዳው ደግሞ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በየሁለት ወሩ «እህሳ፣ የት ደረስክ?» ሲልህ የምትመልሰው ስለሌለህ፣ ያልበሰለ ሥራ ለማሳየት ትቸኩላለህ።

አባትህ «የጦጣ ሥራ» ማለታቸው አስቀይሞሃል፤ እኔንም ደስ አላለኝም። ነገር ግን ደብዳቤህን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ የሠራኸው አንድም ነገር የለበትም። ያየኸው፣ የተመኘኸው፣ ሊከፈልልህ የታሰበው አለ። አባትህም ያዩት ይህንኑ ነው፤ በምን ይፍረዱ? የሃሪሃውዘን አባት የብረታ ብረት ማሽን ሠራተኛ ነበሩ፤ ለልጃቸው ሞዴሎች የብረት አጽም ይሠሩለት ነበር፣ እናቱም አልባሳቱን ይሰፉ ነበር። ግን ልጁ በገዛ እጁ ሲሠራ እያዩ ነው። የአንተ አባት ሂሳብ አያያዝ ዋስትና ነው ማለታቸው ላይ ግን አልስማማም። ልቡ ሌላ ቦታ ሆኖ ደብተር የሚያገላብጥ ሰው ለማንም ዋስትና አይሆንም። ቢሆንም የሚከፍሉልህ ከሆነ ቀን ቀን ተማረው። ማታው ያንተ ነው። እኔም ጭምብል መቅረጽ የተማርኩት የቀን ሥራ እየሠራሁ ነው፤ እጄ እስኪፈታ የማንንም ፊት አላየሁም። ፊልም ሥራም ቢሆን የራሱ የሂሳብ ሠራተኞች አሉት፤ ያ በር ዝግ አይደለም።

የቀሩት ባጭሩ። ኮምፒውተርህ ደካማ መሆኑ አሁን አይጎዳህም፤ ኮምፒውተርን የሚያደክመውን ፀጉር ተወውና ፀጉር የሌለው ጎሪላ አንቀሳቅስ። እንግሊዝኛህ የማስተማሪያ ቪዲዮ እስኪገባህ ድረስ ይበቃል፤ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ግን ከወዲሁ አሻሽለው። 21 ዓመት አልረፈደም፤ ሃሪሃውዘን የመጀመሪያው ጆ ላይ ሲሠራ ወደ ሠላሳዎቹ እየተጠጋ ነበር። አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱ ብዙ የጀማሪ ሥራዎችን መውሰዱ አይቀርም። ያመጣውን ጎሪላ አይቶ «ይሄ እኮ ክብደት የለውም» የሚል ሰው ግን ቀጣሪዎች ይፈልጋሉ።

ለወንድምህ ዛሬውኑ ደውልለት፣ የብድሩን ወረቀት ከመፈረሙ በፊት። አሥሯ ሰከንድ ስትደርስ ላክልኝ፤ እግሩ ቋሊማ ከሆነ እነግርሃለሁ።