የአባትህን ፔጆ 404 ራስህ ልትገጣጥም ለምትፈልገው የሐረር ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። አባትህ ሐረር ውስጥ ታክሲ ይሠሩበት የነበረው ፔጆ 404 ግቢ ውስጥ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። ጋራዥ ሳትሰጥ ቤትህ ፈትተህ ልትገጣጥመው አስበሃል፤ «የትኛውን መለዋወጫ ልምረጥ፣ ከየትስ ልግዛ?» ብለህ ጠይቀሃል። የመለሱልህ ሰዎች አብዛኞቹ «ሽጠውና ባጃጅ ግዛ» ብለውሃል። አትስማቸው። በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንደኛ የወጣው ይኸው 404 ነው። እኔ ድሬዳዋ ተቀምጬ ይህንኑ ሥራ ሠርቻለሁ፤ መኪናዬ ዛሬ አራት ሰው ጭና ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ሳትቆም ትወጣለች።

ስለ ካንዴላ፣ ስለ ኮንዴንሰርና ስለ ፍሬን ሸራ አልነግርህም፤ እነዚያን የሚያውቅ ሞልቷል። ገንዘብ የሚበሉትን ብቻ ልንገርህ።

1. ብሎኩን፣ ማለትም የሞተሩን ዋና አካል፣ አትለውጥ። «ከጅቡቲ የገባ ሙሉ ሞተር አለ፤ የአንተን አውርደህ እሱን መስቀል ብቻ ነው» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። ዋጋውም ያጓጓል። ነገር ግን ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ተጽፈዋል፤ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ የተመታው ብሎኩ ላይ ነው። ፒስተኑን፣ ክራንኩን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ)፣ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) ሁሉ ብትቀይር መኪናው በሰነድ ያው የአባትህ መኪና ነው። ብሎኩን የቀየርክ ቀን ግን ሞተሩ ከየት እንደመጣ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት ትጠየቃለህ። የጅቡቲው ሰውዬ ያን ወረቀት አይሰጥህም።

እኔ ብሎኬን ሳልነካ እንኳ የደረሰብኝን ስማ። ለዓመታዊ ምርመራ ስሄድ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር የሚያመሳክረው ሠራተኛ ከወንበሩ ሳይነሳ ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ አየና «ይህ 8 ነው ወይስ 3? አይለይም፤ አስተካክለህ ና» አለኝ። ፋብሪካ በብረት ላይ የመታው ቁጥር እንዴት ይስተካከላል? የሚያስተካክል ሰው ቢኖር ቦታው እስር ቤት ነው። መኪናዋ ደጃፉ ላይ ቆማለች፣ ውጣና ተመልከታት ብዬ ብለምነው «ነገ» አለኝ፤ ነገውም ሌላ ነገ ወለደ። ሰው ሥራ ፈትቶ የሚውል ይመስላቸዋል! በመጨረሻ አንድ ወጣት መርማሪ ከቢሮው ወጥቶ ኮፈኑን አስከፈተኝ። ናፍጣ በነካ ጨርቅ ቅባቱን ጠረገ፤ ጠመኔ አምጥቶ ቁጥሩ ላይ አሸው፤ ትርፉን በአውራ ጣቱ ሲያብሰው ጠመኔው ጎድጓዳው ውስጥ ቀርቶ እያንዳንዱ አኃዝ ነጭ ሆኖ ወጣ። 8 ነበር። ያ ልጅ የትም ይሁን ይባረክ። አንተም ከመሄድህ በፊት ይህንኑ አድርግ። ቁጥሩን በሽቦ ብሩሽ እንዳትፍቀው፤ ከነካካኸው ጥርጣሬው ወደ አንተ ይዞራል።

2. ፒስተኑንና ካሚቻውን (ፒስተኑ የሚመላለስበትን ሲሊንደር) አንድ ላይ ግዛ፤ የነጋዴ ቃል ሳይሆን መለኪያ እመን። የ404 ሞተር 1,618 ሲሲ ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 84፣ ምቱ (ፒስተኑ የሚመላለስበት ርቀት) 73 ሚሊሜትር። ከ404 በኋላ የመጣው የፔጆ 504 የመጀመሪያው ሞተር 1,796 ሲሲ ነው፤ የእሱም ስፋት 84 ነው፣ ምቱ ግን 81። ነጋዴው መለኪያውን ፒስተኑ ራስ ላይ ያደርግና «ይኸው 84፣ የአንተው ነው» ይልሃል። አዎ፣ 84 ነው፤ ግን ለሌላ ምት የተሠራ ፒስተን ነው። አሮጌውን ፒስተንህን ይዘህ ሂድ፤ ከፒኑ ቀዳዳ እስከ አናቱ ያለውን ቁመት ጎን ለጎን አስቀምጠህ አወዳድር። ካልተካከለ ገንዘብህን ይዘህ ውጣ።

ይህን ሞተር ቤት ውስጥ ማደስ የሚቻለው ካሚቻው ከብሎኩ ተነቅሎ ስለሚወጣ ነው። ውጪውን ውኃ ይከበዋል፤ ስለዚህ ብሎኩን ወደ ቶርኖ ቤት መውሰድ ሳያስፈልግህ አዲስ ትተካለህ። ዋናው ነገር ከሥሩ የሚገባው ጓርኒሲዮን (ውኃ እንዳያልፍ የሚዘጋው ቀለበት) ነው። ካሚቻው ከብሎኩ ፊት በጥቂቱ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ መጠኑ የሚሊሜትር መቶኛ ነው፤ አራቱም እኩል መሆን አለባቸው። በጣትህ ዳስሰህ «ይበቃል» አትበል። የመለኪያ ሰዓት ከቶርኖ ቤት ተዋስ። እሱ ከተዛባ ቴስታታው አጥብቆ አይዝም፤ ውኃው ወደ ዘይቱ ይወርዳል።

ብሮንዚን (ክራንኩ ላዩ ላይ የሚዞርበትን ልባስ) ከመግዛትህ በፊት ደግሞ የዘይት ቋቱን ፈትተህ ክራንኩ በስንት ቦታ እንደታሰረ ቁጠር። የመጀመሪያዎቹ 404 ሞተሮች በ3 ቦታ የታሰሩ ናቸው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ የተሠሩት በ5። አንዱ ለሌላው አይሆንም፤ ነጋዴው ግን የያዘውን ይሸጥልሃል።

3. ዲፍረንሻሉ። እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። ሁሉም ሰው ሞተሩን ሲያይ ኋላውን ይረሳዋል። የ404 የቤት መኪና ዲፍረንሻል እንደ ሌሎቹ መኪኖች አይደለም። ውስጡ እንደ ቡሎን ጥርስ የተጠመዘዘ ብረት አለ፤ እሱ የሚያዞረው ማርሽ ደግሞ ነሐስ ነው። ድምፅ የማያሰማው፣ ጭነት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ነሐሱ ግን ዘይት ይመርጣል። ዛሬ በየሱቁ የምታገኘው ጂኤል-5 የተጻፈበት የዲፍረንሻል ዘይት ድኝ ያለበት ቅመም አለው፤ ለብረት ማርሽ መድኃኒት ነው፣ ሲሞቅ ነሐስን ይበላል። ፋብሪካው ያዘዘው ከጉሎ ዘይት የተቀመመ ዘይት የነበረው በከንቱ አይደለም።

ይህን የማውቀው በገንዘቤ ነው። ለቅሶ ገጥሞኝ አዲስ አበባ ስሄድ የኋላ ጎማ ኩሽኔታ እንዲቀይሩልኝ መኪናዋን ለአንድ ጋራዥ ትቼ ሄድኩ። የዲፍረንሻሉን ዘይት አትንኩ ብዬ በቃልም በወረቀትም ተናግሬአለሁ። ስመለስ «ዘይቱ ጠቁሮ ነበር፣ በነጻ ቀየርንልህ» አሉኝ። ብዙም ሳይቆይ ደንገጎ ላይ ከኋላ ማልቀስ ጀመረች። መልሼ ስወስዳት «ዕድሜዋ ነው» አሉ። የጻፍኩት ወረቀት መሪው ሥር እንደተለጠፈ ነበር፤ አንብበው እንደሆነ ስጠይቃቸው እርስ በርስ ተያዩ። ይቅርታ የሚል ቃል እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ጉዳዩን የፈታልኝ የጋራዥ ሰው አልነበረም። ከምድር ባቡር ጥገና ክፍል ጡረታ የወጡ አንድ የቶርኖ ባለሙያ ከዚራ ይኖራሉ፤ እግራቸው ድረስ ሄጄ ለመንኳቸው። ከሥር ያለውን ቡሎን ፈትተው ዘይቱን ነጭ ሳህን ላይ አወረዱ። መጀመሪያ አሸተቱት፤ «ድኝ ነው» አሉ። ከዚያ ሳህኑን ወደ ፀሐይ ዘንበል ሲያደርጉት ጥቁሩ ዘይት ውስጥ ወርቅማ ብናኝ ተንሳፍፎ ታየ፤ በጣታቸው ሲነኩት ጣታቸው አብለጨለጨ። «ይህ የማርሹ ሥጋ ነው፤ እየተበላ ነው» አሉኝ። ባቡሩ ድሬዳዋ ከገባበት ከ1902 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ይህ ከተማ እንዲህ ያሉ እጆች ሲያፈራ ኖሯል፤ ዛሬ ግን ሄዶ የሚጠይቃቸው ሰው የለም።

ስለዚህ ዲፍረንሻል ስትገዛ፣ ሻጩ ቢቆጣም ከሥር ያለውን ቡሎን ፈትተህ ዘይቱን ነጭ ነገር ላይ ተመልከት። ካብለጨለጨ ተወው። ካላብለጨለጨ ሽፋኑን ክፈትና የነሐሱን ጥርስ እይ፤ ጫፉ ደልደል ያለ ከሆነ ጥሩ ነው፤ እንደ ስለት ከሾለ አልቆለታል። ብረቱንና ነሐሱን ከተለያየ ዲፍረንሻል አቀላቅለው ቢሰጡህ አትቀበል፤ አብረው የኖሩ ጥንድ መሆን አለባቸው። ዘይቱን ደግሞ ለነሐስ ማርሽ የሚሆን መሆኑ ቆርቆሮው ላይ ካልተጻፈ አትግዛ። በፋብሪካና በወፍጮ ማሽን ላይ እንዲህ ያለ ማርሽ ስላለ የማሽን ዘይት የሚሸጡ ሰዎች ያውቁታል። ከሞተሩ በፊት ለዚህ ገንዘብ መድብ፤ ሞተር ቢሞት መንገድ ዳር ትቆማለህ፣ ኋላው ቁልቁለት ላይ ቢሰበር ሌላ ነገር ነው።

የማቀዝቀዣው ነገር አለ። አንተ ሐረር ስለሆንክ ሙቀቱን አታውቀውም። መኪናው ሐረር ውስጥ ደህና ይሠራል፤ ድሬዳዋ ወርዶ ሲመለስ ግን ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 2,000 ሜትር ይወጣል፣ ያውም ከዚያ ሁሉ ግለት ተነስቶ። የ404 ቬንቲላተር (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ውኃው ሲሞቅ ብቻ በማግኔት ተይዞ የሚዞር ነው። ሙቀቱን የሚያነበው ማብሪያ ብዙውን ጊዜ ሞቶ ታገኘዋለህ፤ የማይሠራ ከሆነ በቀጥታ አስረው ሁልጊዜ እንዲዞር አድርገው፤ ጥቂት ቤንዚን ይበላል እንጂ ቴስታታህን አያጣምምብህም። ራዲያተሩ የመዳብ ከሆነ አትጣለው፤ በሚገባ የሚበይድ ሰው ፈልግ። አዲስ የሚሸጡልህ ትንንሽ ራዲያተሮች ደንገጎ አጋማሽ ላይ ይፈላሉ።

ከየት ልግዛ ላልከው፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ከመሄድህ በፊት እዚያው ሐረር ጠይቅ። ለዓመታት ከተማው በ404 ታክሲ ሲሠራ ኖሯል፤ ከጀጎል ውጪም ሆነ በየሰፈሩ ስንት ግቢ ውስጥ ጎማ የሌለው ፔጆ ሣር በቅሎበት ቆሟል። እኔ የአሁኑን ዲፍረንሻሌን ያገኘሁት ሸዋ በር አካባቢ ከአንድ የድሮ ታክሲ ባለቤት ቤተሰብ ነው። ዕቃ ነጋዴ መስለህ ከሄድክ ዋጋ ይቆልሉብሃል። የማን ልጅ እንደሆንክ ንገራቸው፤ የአባትህን መኪና ልታስነሳ እንደሆነ ሲሰሙ ሻይ አፍልተው ያወሩሃል፣ ያላቸውንም ያወጡልሃል።

የዘይት ቋቱን ስትፈታ የክራንኩን ፎቶ አንሥተህ እዚህ ለጥፍልኝ፤ የ3 ወይም የ5 መሆኑን አይቼ እነግርሃለሁ። ከካሚቻ ሥር የሚገባ ጓርኒሲዮን ተርፎኛል፤ የሚሆንህ ከሆነ ወደ ሐረር በሚወጣ ሰው እልክልሃለሁ።