ጥያቄና መልስ፦ የአየር ርቀትና የበረራ ሰዓት

ሰሞኑን ከሐዋሳ አንባቢዎች የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ባሕር ማዶ ያሉ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ከሚነሡ ወላጆች ጉዞ ጋር የተያያዙ ናቸው።

አንድ ወጣት ከሐዋሳ አዲስ አበባ በመኪና 275 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ሳለ በአየር ለምን እንደሚያንስ ይጠይቃል። አውሮፕላኑ በሻሸመኔ፣ በባቱና በሞጆ ስለማይዞር ነው፤ የአየሩ ርቀት 210 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የታቦር ክፍለ ከተማ ነዋሪ የሆኑ አባት ደግሞ በግድግዳ ካርታ ላይ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በማስመሪያ መስመር አስምረው፣ አውሮፕላኑ ለምን በሰሜን በኩል እንደሚዞር፣ የመሄጃው ሰዓትም ከመመለሻው ለምን እንደሚረዝም ጽፈዋል። አውሮፕላኑ አይዞርም። ምድር ክብ ስለሆነች በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ቀጥ ብሎ የሚታየው መስመር አጭሩ አይደለም፤ በሉል ላይ ክር ወጥረው ቢያዩ ክሩ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ አልፎ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል አትላንቲክን ይሻገራል። ይህ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የካርታውን ቀጥታ መስመር መከተል ግን 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ሰዓቱን በሚመለከት፣ አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ቢበርም በከፍታ ያለው ብርቱ ነፋስ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ነፋሱ በአማካይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ በመሄጃውና በመመለሻው መካከል የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ልዩነት ይፈጥራል። በዚህ ላይ ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ ለመነሣት ይቸገራል፤ ስለዚህም ሲሄድ እንደ ደብሊን ባለ ከተማ አርፎ ነዳጅ ሲሞላ ኖሯል። ደለስ ግን 100 ሜትር እንኳ ከፍታ ስለሌለው መመለሻው ያለ ማረፊያ 13 ሰዓት ገደማ ነው። ትልቁ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ባለው በቢሾፍቱ አካባቢ እንዲሠራ ከታሰበባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ እኔም ውሳኔውን ከልቤ እደግፋለሁ።

ቲኬቱ ላይ ዱባይ ለመድረስ 5 ሰዓት ይላል ያሉን እኅት፣ የመነሻውና የመድረሻው ሰዓት የሚጻፈው በየከተማው አቆጣጠር ስለሆነና ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ስለምትቀድም በረራው 4 ሰዓት ያህል መሆኑን ይወቁ፤ ሌላውን የቲኬት ቢሮው ይነግርዎታል።

ኢንሱሊን የሚወስዱ እናቷን ወደ ዋሽንግተን የምትሸኝ አንባቢ፣ ጎረቤት «በኢትዮጵያ ሰዓት ይቀጥሉ» እንዳላቸው ጽፋለች። እባክሽ፣ የጎረቤት ምክር ለዚህ አይበቃም። ዋሽንግተን ከእኛ በበጋቸው በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር የእናትሽ ቀን በዚያው ልክ ይረዝማል፤ የምግባቸውና የመርፌያቸው ሰዓትም አብሮ ይዛባል። ከቤት እስከ መድረሻ ያለውን ጠቅላላ ሰዓት፣ የማረፊያውን ቆይታ ጨምረሽ በወረቀት ጻፊና ከጉዞው ቀደም ብለሽ እናትሽን ይዘሽ የሚከታተላቸው ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ መጠኑንም ሰዓቱንም የሚወስነው እሱ ብቻ ነው። ኢንሱሊኑን ከሻንጣ ጋር እንዳትጭኚው፣ በእጃቸው ይያዙት። ሐኪሙን ሳያዩ አይሳፈሩ።

በመጨረሻም፣ ለዚያው ለዋሽንግተን ርቀት 7,150 እና 6,210 ማይል የሚሉ ሁለት መልሶች ያገኙ አንባቢ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የየብስ ማይል 1,609 ሜትር፣ የአብራሪዎችና የባሕረኞች ማይል 1,852 ሜትር ነው።