ጠይቁኝ፦ ብዙ ያልተሰሙ የክላሲካል ሥራዎች፣ አዲስ ቀረጻዎችና ተጫዋቾቻቸው

ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ ስለ ክላሲካል ሙዚቃ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር፣ ከዛ ወዲህ ጥያቄው ጎርፎ ነው የመጣው፣ አብዛኛው ደግሞ ከዚሁ ከጎንደር ስለሆነ የዚህን ወር ገጽ በሙሉ ለሱ ሰጥቼዋለሁ። ሞዛርትና ቤትሆቨንን ለዛሬ እንተዋቸው፣ እነሱ ጠያቂ አያጡም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፣ እንዳትደናገሩ።

ጥያቄ፦ «ሰላም አዘጋጅ፣ ማራኪ ግቢ ተማሪ ነኝ። ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሴ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ2023 አርፈዋል አይደል፣ ታዲያ ከዛ በኋላ አዲስ አልበም ወጣላቸው ሲባል ሰማሁ፣ ይሄ እንዴት ይሆናል? ደግሞ ዶርም ውስጥ ስከፍተው ልጆቹ "የፈረንጅ ሙዚቃሽን ዝጊልን" ይሉኛል።»

መልስ፦ እህቴ፣ ከልጆቹ ጋር እንዳትጣዪ፣ ዝም ብለሽ ይሄን አንብቢላቸው።

መጀመሪያ የአልበሙን ነገር ልንገርሽ። እማሆይ በመጋቢት 2023 ኢየሩሳሌም ነው ያረፉት፣ 99 ዓመታቸው ነበር። በ2024 የወጣው «ሶቬኒርስ» የሚባለው አልበም አዲስ የተጫወቱት አይደለም፣ በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ቤተሰባቸው ቤት ቁጭ ብለው ራሳቸው በካሴት የቀዱት ነው፣ ሚሲሲፒ ሪከርድስ የሚባል የአሜሪካ አሳታሚ ነው በሸክላ ያወጣው። እስከዛ ድረስ አብዛኛው ሰው እሳቸውን የሚያውቃቸው በፒያኖ ብቻ ነበር፣ እዚህ ላይ ግን በአማርኛ እያዜሙ ነው የሚጫወቱት፣ ድምጻቸው ቀጭን ነው፣ ቸኩሎ የትም አይሄድም። ጆሮ ሰጥተሽ ካዳመጥሽው ከመስኮቱ ውጪ ወፍ ሲንጫጫ፣ መቀመጫው ሲንቋቋ፣ ካሴቱን ሊቀዱ የቴፑን ቁልፍ ሲጫኑ ቋ ሲል ሁሉ ይሰማል። ስቱዲዮ ቢሆን ይሄ ሁሉ ተጠርጎ ይወጣ ነበር፣ እኔ ግን እንኳንም አልተጠረገ ነው የምለው፣ ምክንያቱም ያ ዘመን ሰው በሩን ዘግቶ የሚያዝንበት ዘመን ነው፣ ቀረጻው ውስጥ ያ የተዘጋ ክፍል አብሮ ይሰማል።

የፈረንጅ ነው ለሚሉሽ ደግሞ እንዲህ በያቸው። እማሆይ በ1960ዎቹ እዚሁ ጎንደር መጥተው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑ ነበር። የቆሎ ተማሪዎቹን፣ ቀን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ለምነው ማታ ቤተክርስቲያን ጥግ ሜዳ ላይ የሚያድሩትን ልጆች ያዩት ያኔ ነው፣ የሚሰጧቸው ገንዘብ ስላልነበራቸው በሙዚቃዬ አስተምራቸዋለሁ ብለው ቆረጡ፣ ጀርመን የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢም ለችግረኞች እንዲውል ታስቦ ነው የወጣው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታም በዘመናቸው የዚችው የጎንደር ከንቲባ ነበሩ። ታዲያ ይሄ ሙዚቃ እንዴት ብሎ ነው ለኛ ባዳ የሚሆነው?

አዎ የፈረንጅም ትምህርት አላቸው፣ በ6 ዓመታቸው ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ቫዮሊን ተምረዋል፣ በኋላም ካይሮ ላይ ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ ቫዮሊኒስት ተምረዋል። ሁለቱንም በአንድ ላይ መስማት ከፈለግሽ ስለ ቤት አልባው ተንከራታች ያለውን ሥራቸውን ክፈቺና ግራ እጁን ለብቻው ተከተዪ፣ የፈረንጅ ቫልስ (በሦስት ምት የሚሄድ ጭፈራ) መስሎ ረጋ ብሎ ይሄዳል፣ ቀኝ እጁ ግን ምቱን አይጠብቅም፣ ይዘገያል፣ አንድ ድምጽ ላይ ይቆምና ከዛ እንደ ዋሽንት ተንደርድሮ ይወርዳል።

አሁን ሌሎች ፒያኒስቶችም ሥራቸውን እየተጫወቱ ነው። ይሄ የሆነው በዋናነት ማያ ዱኒትዝ በምትባል እስራኤላዊት ፒያኒስት ልፋት ነው፣ እማሆይ በፌስታል ሞልተው የሰጧትን የኖታ ወረቀት ለይታ አስተካክላ በ2013 በመጽሐፍ እንዲወጣ አደረገች። ከዛ ወዲህ ኖታውን ማግኘት የፈለገ ያገኛል። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ፣ ኖታው ላይ ያለውን ምት ልክ ልኩን የሚጫወት ፒያኒስት ካጋጠመሽ ሙዚቃው ድርቅ ይልብሻል፣ ጥፋቱ የሙዚቃው እንዳይመስልሽ። መጀመሪያ የራሳቸውን አጨዋወት ደጋግመሽ ስሚ፣ ከዛ ሌላውን።

ጥያቄ፦ «ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ከአዘዞ። ክላሲካል ከወጣትነቴ ጀምሮ በሬዲዮ እሰማለሁ። ጥሩ ሥራን ጊዜ ራሱ ያወጣዋል ብዬ ነው የማምነው። ያልታወቁት ደካማ ስለሆኑ አይደለም ወይ ያልታወቁት? ያንን መቆፈር ለምን አስፈለገ?»

መልስ፦ ጋሼ፣ እንደ ተማሪዎ ቆጥረውኝ ትንሽ ልከራከርዎት።

ፍሎረንስ ፕራይስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት አቀናባሪ ነበረች፣ በ1887 አርካንሶ ግዛት ሊትል ሮክ ተወለደች። በ1933 የመጀመሪያ ሲምፎኒዋን (ለሙሉ ኦርኬስትራ የሚጻፍ ረጅም ሥራ ነው) የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ተጫወተው፣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ኦርኬስትራ የጥቁር ሴት ሲምፎኒ ሲጫወት የመጀመሪያው ነው። ከዛ በኋላ ለታዋቂ ኮንዳክተሮች (የኦርኬስትራ መሪዎች) ደብዳቤ ብትጽፍ ብትጽፍ የሚሰማት አጣች፣ ሴትም ጥቁርም ነበረቻ። በ1953 አረፈች። በ2009 ከቺካጎ ደቡብ ሴንት አን በምትባል ትንሽ መንደር ባልና ሚስት የተተወ ቤት ገዝተው ሊያድሱ ሲገቡ ቤቱ ተዘርፏል፣ ዛፍ ወድቆበት ጣራው ተቀዷል፣ ዝናብ ባልደረሰበት በኩል ግን የኖታ ወረቀት ተከምሮ አገኙ። የፕራይስ የድሮ የበጋ ቤት ነበር። ክምሩ ውስጥ ሁለት የቫዮሊን ኮንሰርቶዎች (አንድ ቫዮሊን ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወታቸው ሥራዎች) እና አራተኛ ሲምፎኒዋ ነበሩበት። እስቲ ጋሼ፣ ዛፉ ትንሽ ወዲህ ዘንበል ብሎ ወድቆ ቢሆን «ደካማ ስለነበረ ጠፋ» ልንል ነበር?

ደግሞ ቀድሞ ያነሳላት ማን መሰለዎት? አራተኛውን ሲምፎኒ በ2018 ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ ፊት ያቀረበው ፎርት ስሚዝ ሲምፎኒ ነው፣ አርካንሶ ውስጥ ያለች መለስተኛ ከተማ ኦርኬስትራ፣ መሪው ጆን ጄተር። በሚቀጥለው ዓመት ናክሶስ የሚባለው አሳታሚ ከአንደኛው ሲምፎኒ ጋር አድርጎ በሲዲ አወጣው። ቫዮሊን ኮንሰርቶዎቹንም ቀድማ በ2018 የቀረጸችው ኧር ጂን ካንግ የምትባል የአርካንሶ ዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። ትልልቆቹ የመጡት ከዛ በኋላ ነው፣ የፊላደልፊያ ኦርኬስትራ በያኒክ ኔዜ ሴጊን መሪነት አንደኛና ሦስተኛ ሲምፎኒዎቿን በ2021 ዶይቸ ግራሞፎን በሚባለው አሳታሚ አወጣ፣ በ2022 ግራሚ አገኘበት፣ ወጣቱ ቫዮሊኒስት ራንዳል ጉዝቢም ኮንሰርቶዎቹን በ2023 በዴካ አወጣ። ከመለስተኛ ከተማ ተነስቶ ወደ ትልቁ አዳራሽ ነው የሄደው። ይሄን ጎንደር ሆኜ ሳስበው ልቤን ደስ ይለዋል፣ ዋና ከተማ ካልሆነ ነገር አይጀመርም የሚል ሰው በዝቶብናልና።

የአንደኛውን ሲምፎኒ ሦስተኛ ክፍል በሁለቱም ቀረጻ ይስሙት ጋሼ። ጁባ የሚባል ጭፈራ ነው፣ ባሪያ ተደርገው የነበሩት ጥቁሮች ደረትና ጭናቸውን እየመቱ፣ እግራቸውን እየረገጡ የሚጨፍሩት ነበር። የፊላደልፊያው ድምጽ ወፍራምና ልስልስ ያለ ነው፣ የፎርት ስሚዙ ሻካራ ነው፣ አንዳንዴም ቫዮሊኖቹ ይሳሳሉ፣ ጭፈራው ግን እኔ ጆሮ ላይ እዛ ነው የበለጠ መሬት የሚረግጠው።

በአንድ ነገር እስማማለሁ፣ ያልታወቀ ሁሉ ዕንቁ ነው አልልም። ሃይፐርየን የሚባለው የእንግሊዝ አሳታሚ በ1991 የጀመረው የተረሱ የፒያኖ ኮንሰርቶዎች ተከታታይ አለ፣ ከ80 በላይ ሲዲ ደርሷል፣ ውስጡ አንዴ ሰምተው የማይመለሱባቸውም አሉ፣ የመጀመሪያው ላይ ያሉትን የሞሽኮቭስኪንና የፓደሬቭስኪን ግን፣ ፒያኒስቱ ፒየርስ ሌን ነው፣ ሰምተው ይፍረዱ። ድሮ ሲዲ ካልገዙ አይገኝም ነበር፣ ከ2023 ወዲህ ኢንተርኔት ላይ ተለቋል።

ጥያቄ፦ «ነርስ ነኝ። ዘንድሮ አባቴን ቀብሬ ከዛ በኋላ ዘፈን መስማት አቃተኝ፣ ግጥሙ ሁሉ ሆዴን ያባባዋል። ግጥም የሌለው ግን ሐዘንን የሚያውቅ ሙዚቃ ካለ ንገረኝ።»

መልስ፦ ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጽናሽ እህቴ።

አለ። ሚዬቺስዋቭ ቫይንበርግ የሚባል አቀናባሪ አለ፣ ዋርሶ የተወለደ አይሁዳዊ፣ በ1939 ናዚዎቹ ሲገቡ ብቻውን ወደ ሶቪየት ሸሸ፣ እናት አባቱና እህቱ ቀርተው ተገደሉ። እዛም በ1953 አሰሩት፣ ስታሊን ሲሞት ነው የተፈታው። 1991 ላይ የጨረሰው 21ኛ ሲምፎኒው «ካዲሽ» ይባላል፣ አይሁዶች ለሞተ ሰው የሚያደርሱት ጸሎት ነው፣ በዋርሶ ጌቶ (ናዚዎች አይሁዶችን አጥረው የዘጉበት ሰፈር) ላለቁት መታሰቢያ ነው የጻፈው። ዕድሜ ልኩን የተሸከመውን ነው እዚህ ላይ ያወረደው፣ መሐል ላይ የፖላንዳዊው አቀናባሪ የሾፓን ባላድ (የፒያኖ ሥራ) ቁራጭ ብቅ ይላል፣ ከፈረሰች ከተማ የተረፈ ድምጽ።

ቀረጻውን በ2019 ያወጣችው ሚርጋ ግራዢኒቴ ቲላ የምትባል ሊቱዌኒያዊት ኮንዳክተር ናት፣ በርሚንግሃም ኦርኬስትራን ክሬመራታ ባልቲካ ከሚባለው ኦርኬስትራ ጋር አጣምራ፣ የቫዮሊን ሶሎው ጊዶን ክሬመር ነው። በ2020 ግራሞፎን የተባለው መጽሔት የዓመቱ ቀረጻ ብሎ ሸለመው። መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት ያለ ቃል ታንጎራጉራለች፣ ያቺ ድምጽ የኮንዳክተሯ የራሷ ናት፣ ሌላ ዘፋኝ አላመጣችም። የሠለጠነ የኦፔራ ድምጽ አይደለም፣ ለዚህ ቦታ ግን እሱ ነው ልክ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጠሽ ሙሾ አውራጇ ቃል አልቆባት «እእእ» ስትል የሰማሽ ሰው ስለሆንሽ ማንም ሳያስረዳሽ ይገባሻል። ሲምፎኒው ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል፣ በሥራ ሌሊት እንዳትጀምሪው። ዕረፍት ቀንሽ ላይ፣ ሰው አጠገብሽ እያለ ስሚው፣ ከከበደሽ አቁሚው፣ ለሌላ ቀን ይቆያል።

ጥያቄ፦ «ከሳሙና በር ነኝ። ልጄ 10 ዓመቷ ነው፣ ኪቦርድ ገዝተንላት የስልክ ጥሪ ድምጽ ብቻ ነው የምትመታው። ምን ላሰማት?»

መልስ፦ እትዬ፣ ግርማ ይፍራሸዋን ያሰሟት። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልጅ ነው፣ ከዛ ቡልጋሪያ ሶፊያ ተማረ፣ ልጅ ሆኖ ክራር ይመታ ነበር። በ2014 የወጣው አልበሙ ላይ «አምባሰል»፣ «ጨዋታ»፣ «ሰመመን»፣ «እልልታ» የሚሉ ሥራዎች አሉ፣ ልጅቷ ሰርግ ላይ የሰማችውን ቅኝት ፒያኖ ላይ ስታገኘው ፊቷን ይዩት። የስልክ ጥሪውንም አይከልክሏት፣ በጆሮዋ ለቅማ የምትመታ ልጅ መምህር ብታገኝ ቶሎ ትሄዳለች።

ጥያቄ፦ «ባጃጅ ነው የምነዳው፣ ከፒያሳ አራዳ። ክላሲካል ስከፍት ግማሹ አይሰማም፣ ድምጽ ስጨምር ድንገት ይጮህና ተሳፋሪ ይደነግጣል። ቀረጻው ነው የተበላሸው? ደግሞ አንዱን ሙዚቃ አስር ሰው ተጫውቶት ይመጣል፣ የቱን ልምረጥ?»

መልስ፦ ቀረጻው ደህና ነው ወንድሜ። የዘፈን ቀረጻ ሲሠራ ዝቅ ያለውንና ከፍ ያለውን ድምጽ አስተካክለው ጠበብ ያደርጉታል፣ ለዛ ነው በሞተር ጩኸት መሐል የሚሰማህ። ክላሲካል ላይ ግን ሹክሹክታው ሹክሹክታ፣ ጩኸቱም ጩኸት ሆኖ ነው የሚቀረጸው፣ በባጃጅ አይሆንልህም። ማታ ቤትህ ገብተህ በኢርፎን ስማው፣ ውድ ኢርፎን አያስፈልግም። ለመንገድ ከፈለግክ ፒያኖ ብቻውን ያለበትን ምረጥ፣ የእማሆይን ወይ የግርማን፣ እነሱ ብዙ አይዋዥቁም።

ስትፈልግ ደግሞ የአቀናባሪውን ስም ብቻ አትጻፍ፣ የተጫዋቹን ወይ የመሪውን ስም ጨምርበት፣ «ፕራይስ ጄተር» ካልክ አንዱ ይመጣልሃል፣ «ፕራይስ ኔዜ ሴጊን» ካልክ ሌላው። ስሞቹን በፈረንጅ ፊደል መጻፍ አለብህ፣ ካልቻልክ መልዕክት ላክልኝ ጽፌ እልክልሃለሁ። ዳታ እንዳይበላብህ ዋይፋይ ስታገኝ አውርደው። ለጋሼ ያልኩትን የጁባውን ክፍል አንተም በሁለቱም ስማውና የቱ እንደበለጠብህ ጻፍልኝ፣ የሁለታችሁን መልስ ጎን ለጎን አወጣዋለሁ።