ቆሽትህን ምን እንዳስቆጣው ሳታውቅ አትቀመጥ

ወንድሜ፣ «ቆሽትህ ተቆጥቷል ተብዬ አራት ቀን ተኝቼ ወጣሁ፤ አሁን ደህና ነኝ፤ ድጋሚ እንዳይነሳብኝ ምን ላድርግ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ይህን የጠየቅኩት ሁለተኛ ጊዜ ከወደቅኩ በኋላ ነው። አንተ ቀድመኸኛል።

1. ምን እንዳመጣብህ እወቅ። በብዛት የሐሞት ጠጠር ነው፣ ወይም አልኮል። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ ከ1,000 mg/dL ሲያልፍም ያመጣዋል። አንዳንድ መድኃኒቶችም አሉበት።

እኔ መጠጥ የሚባል ቀምሼ አላውቅም። የመጀመሪያው ሐኪም ግን አላመነኝም። ደጋግሞ ጠየቀኝ፣ ደጋግሜ አልጠጣም አልኩት። ስወጣ ወረቀቴ ላይ «መጠጥ እንዲያቆም ተመክሯል» ይላል። እስከዛሬ ያንገበግበኛል። የሚያናድደው ስድቡ ብቻ አይደለም። በዚያ ግምት የተነሳ ሐሞት ከረጢቴን በአልትራሳውንድ ያየልኝ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ሕመሙ ስለለቀቀኝ ብቻ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ጥፋቴ ይህ ነው።

አምስት ሳምንት ሳይሞላ ሌሊት ተመልሶ መጣ። ከእምብርቴ በላይ ጀምሮ ጀርባዬን ሰንጥቆ የሚወጣ ሕመም። ጎንበስ ብዬ ስቀመጥ ትንሽ ፋታ ይሰጠኛል፣ በጀርባዬ ስተኛ ይብሳል። ሰው ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ሲል እሰማ ነበር እንጂ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር።

2. የላይፔዝ (በደም ምርመራ የሚለካ የቆሽት ኢንዛይም) ቁጥርህ ብዙ አያስጨንቅህ። ከመደበኛው ሦስት እጥፍ ሲደርስ በሽታውን ለመለየት ይረዳል እንጂ ምን ያህል እንደከፋ አይናገርም። እኔ «ዛሬስ ስንት ሆነ?» እያልኩ ነርሶቹን መከራቸውን አሳየኋቸው። ትልቁ ሕክምና በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና የሕመም ማስታገሻ ነው። ማቅለሽለሹ ጋብ ሲል ደግሞ ቅባት ያልበዛበት ምግብ በትንሽ በትንሹ።

3. ጠጠር ከተገኘ ቀጠሮ አታስረዝም። በሁለተኛው አልትራሳውንድ ጠጠር ሞልቶ ተገኘ። ቀጠሮ የምትሰጠው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «አሁን ደህና ነህ አይደል? ከሦስት ወር በኋላ ና» አለችኝ። ከሦስት ወር በፊት ሦስተኛ ጊዜ ቢነሳብኝስ? አልሄድም አልኩ። ሕመሙ ቀላል ከሆነና ከተረጋጋ ከሆስፒታል ሳይወጡ እዚያው ሐሞት ከረጢቱን በቀዶ ሕክምና ማስወጣት እንደሚመረጥ አንብቤ ነበር። ቀዶ ሐኪሙ እስኪወጣ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ሁለቱን የመውጫ ወረቀቶቼን ሰጠሁት። አነበበና በሁለተኛው ቀን ለቀዶ ሕክምናው አስገባኝ። ባልጨቃጨቅ ኖሮ ምን እንደምሆን እንጃ። ይኸው ሁለት ዓመት አለፈኝ፣ አልተመለሰም።

የምታጨስ ከሆነ አቁም፣ ማጨስም ቆሽትን ይጎዳል። ጠጠር ባይሆንም መጠጥ ይቅርብህ። ስኳርህን ተለካ፤ ኢንሱሊን የሚያመነጨው ይኸው ቆሽት ነው። ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የማያቆም ትውከት ወይም የትንፋሽ ማጠር ካየህ ደግሞ እንደኔ የጨጓራ መድኃኒት እየዋጥክ ቤት አትዋል። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ሁለት ቀን እንደዚያ አባክኛለሁ።

አሁን የመውጫ ወረቀትህን አውጣና እይ። አልትራሳውንድ ተነስተሃል? ስለ ሐሞት ከረጢትህ ምን ይላል? እዚሁ ጻፍልኝ።