የወጪና ጥቅም ትንተና ከየት ልጀምር ላልከው ወንድሜ

ትናንት ማታ «መሥሪያ ቤቴ የአንድ መስኖ ፕሮጀክት የወጪና ጥቅም ትንተና እንድሠራ አዞኛል፤ ግቢ እያለሁ አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው የተማርኩት፤ የትኛውን ኮርስ ልውሰድ?» ብለህ ጠይቀሃል። ባሕር ዳር እንደሆንክም ጽፈሃል። እኔም እዚሁ ነኝ። የዛሬ ሰባት ዓመት ልክ አንተ ያለህበት ቦታ ነበርኩ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

1. ኮርሱን ለጊዜው ተወው። ስሌቱን ኤክሴል ይሠራልሃል። ይልቅ በየቀኑ በምታየው ነገር ተለማመድ። ለምሳሌ በግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ውሰድ። 380 ሜትር ይረዝማል፤ ለመሻገር ግን ማንም አይከፍልም። ታዲያ ገቢ ስለሌለው ጥቅም የለውም ልትል ነው? ዱፕዊ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1844 ይህንኑ አንስቶ ነበር። የድልድይ ጥቅም የሚለካው ተሻጋሪው በከፈለው ሳይሆን፣ ግድ ቢሆንበት ለመክፈል በሚፈቅደው ልክ ነው አለ። አሮጌው ድልድይ ላይ ቆመህ የጠበቅህበትን ጊዜ አስታውስ። የባጃጁን ነዳጅ፣ የተሳፋሪውን ደቂቃ ቁጠር። ከዚያ ጀምር።

2. በሀገር ዓይን እይ እንጂ በነጋዴ ዓይን አትይ። ዕቃ ሲገዛ የሚከፈለው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ለሀገር ወጪ አይደለም። ከአንዱ ኪስ ወጥቶ ሌላው ኪስ ይገባል። ገበሬው «በነፃ» የሚያዋጣው ጉልበት ግን ወጪ ነው። እምቦጭ ሊነቅል የወጣ ሰው የራሱን ሥራ ትቶ ነው የወጣው። ፎገራ ላይ ሩዝ በሚታጨድበት ኅዳር የባከነ ቀን ደግሞ ሥራ ከሚቀዘቅዝበት ወር ቀን ጋር እኩል አይደለም። ውሃውም እንደዚያው ነው። ከጣና የምትስበው ውሃ 460 ሜጋ ዋት ኃይል ለማመንጨት ወደተሠራው ጣና በለስ ሊሄድ ይችል ነበር። ውሃው የፈጣሪ ነው ብለህ ዋጋ ሳትሰጠው እንዳታልፍ።

3. ዋናው ይሄ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን እንዳትረሳ። «ከፕሮጀክቱ በፊትና በኋላ» እና «ያለፕሮጀክቱና ከፕሮጀክቱ ጋር» አንድ አይደሉም፤ «ያለፕሮጀክቱ» ማለት ፕሮጀክቱ ባይሠራ ኖሮ የሚሆነው ነው። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው።

በ2011 መስከረም መግቢያ ላይ ሐይቁ ዳር ላለ አንድ ቀበሌ የፓምፕ መስኖ ሰነድ እንዳዘጋጅ ተላክሁ። ስደርስ ጣና ጢም ብሎ ሞልቷል። ሜዳው በሙሉ ውሃ ነው፤ ከላዩ የሚታየው ደንገል ብቻ ነበር። ማስታወሻዬ ላይ «መሬቱ በአሁኑ ወቅት ምርት አይሰጥም» ብዬ ጻፍኩ። ቢሮ ተመልሼ «ያለፕሮጀክቱ» በሚለው ዓምድ ዜሮ ሞላሁ። «ከፕሮጀክቱ ጋር» በሚለው ሽንኩርትና ቲማቲም ደረደርኩ። ለ1 ብር ወጪ 2 ብር ከ10 ሳንቲም ጥቅም ወጣልኝ። አለቃዬ እጄን ጨብጦ «ጎበዝ» አለኝ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የሐይቁን የየወሩን የውሃ ከፍታ ለማግኘት አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ሳምንት ተመላልሻለሁ። ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ አያየኝም። አንድ ቀን «ደብዳቤ አምጣ» ይላል። ሳመጣ «ማኅተሙ አይነበብም»። ማኅተሙ ሲነበብ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። መረጃው የሕዝብ ነው፤ የጠየቅሁትም ለሕዝብ ሥራ ነበር። በመጨረሻ ሰለቸኝና ያለ እሱ ጨረስኩት። ያ ሠንጠረዥ በእጄ ቢሆን ውሃው ከጥቅምት ጀምሮ እየሸሸ እንደሚሄድ ከቁጥሩ አየው ነበር። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ጥር ላይ ሰነዱን ለነዋሪው ለማስረዳት ወደ ቀበሌው ተመለስን። ከመኪናው ስወርድ ያ ውሃ የነበረው ሜዳ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀኝ። ሽምብራ ነው። ወዲያ ማዶ ጓያ፣ ከዚያ አልፎ በቆሎ። ቁጥሬን አንብቤ ስጨርስ አንድ አባት ብድግ አሉ። «ልጄ፣ ወረቀትህ ላይ የኛ ሽምብራ የት ገባ?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

አንተ የሐይቁ ዳር ልጅ ከሆንክ ባሕር ሸሽ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፤ አላውቅም ነበር። ውሃው ሲሸሽ ገበሬው እግር በእግር እየተከተለ ይዘራል። መሬቱ በቀረው እርጥበት ብቻ ያበቅላል። ፓምፕ የለ፣ ነዳጅ የለ። ውሃው የሚሸሽበትን ጊዜ ዝናቡ ብቻ ሳይሆን ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ ያለው የውሃ መዝጊያም ይወስነዋል። እኔ ዜሮ ያልኩት ዓምድ ውስጥ የስንት ቤተሰብ ቀለብ ነበር። የኔ ቦይና የፓምፕ ቤት ደግሞ የሚያርፉት የባሕር ሸሹ ምርጥ መሬት ላይ ነበር።

ሽምብራውን አስገብቼ ሳሰላው ለ1 ብር ወጪ 90 ሳንቲም ብቻ ሆነ። ሰነዱ ተመለሰ፤ የበጀት ዓመቱ አለፈ። ከሜዳው በላይ ተዳፋቱ ላይ ያሉት፣ ውሃ በእውነት የቸገራቸው ገበሬዎች፣ በኔ ስህተት አንድ ዓመት ጠበቁ።

ከዚያ እንደገና ሠራሁት። ማንንም ደጅ ሳልጠና ዋጋ ራሴ ሰበሰብኩ። ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ስድስት ቅዳሜ ዋልኩ። የገበያው ዋጋ ግን የገበሬው ዋጋ አይደለም። ጆንያውን፣ መጓጓዣውን፣ የጫኝና አውራጁን ቀንስና ማሳው ላይ የሚደርሰውን ያዝ። ሽንኩርትና ቲማቲምም ሁሉም በአንዴ ሲያወርደው ዋጋው ይወድቃል፤ በጥሩ ወር ዋጋ አታስላው። ባሕር ሸሹን ሳልነካ ፓምፑን ወደ ተዳፋቱ አወጣሁት። ፕሮጀክቱ አነሰ፤ ለ1 ብር 1 ብር ከ40 ጥቅም አመጣ። አለፈም። ያን ወረቀት ዛሬም አስቀምጬዋለሁ፤ እኮራበታለሁ።

«ያለፕሮጀክቱ» ማለት ደግሞ ዛሬ ያለው እንደቆመ ይቀራል ማለት አይደለም። ፎገራ ላይ ሩዝ እንዴት እንደተስፋፋ ታውቃለህ። አንተ ባትመጣም ገበሬው ሰብሉን ይቀይራል። ስለዚህ ወደፊት ብቻውን የት እንደሚደርስ ገምት።

ስለ ቅናሽ መጠን፣ ማለትም ወደፊት የሚገኝ ብር ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ ስለምናሰላበት የዓመት መቶኛ፣ ብዙ አልልህም። በ10 በመቶ ካሰብከው ከ10 ዓመት በኋላ የሚገኝ 100 ብር ዛሬ 38 ብር ከ55 ሳንቲም ገደማ ነው፤ ከ20 ዓመት በኋላ የሚገኘው ደግሞ 15 ብር አይሞላም። ሃያ ዓመት ያገለግላል ያሉህን ፓምፕ በአሥር ዓመትም አስላው። ዋጋውንም ከፍና ዝቅ አድርገህ ሞክር። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር የድሮ ደረሰኝ ላይ ያለ የፓምፕ ዋጋ አይሠራልህም።

ኤክሴሌን በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ። «ያለፕሮጀክቱ» የሚለውን ዓምድ ግን ባዶ አድርጌዋለሁ። ቀበሌው ድረስ ሂድ፤ አንዴ መስከረም፣ አንዴ ጥር። ከዚያ ራስህ ሙላው።